የመብራትና የጋዝ ቢል እርዳታ፦ ማመልከቻው የሚሰናከለው የት ላይ ነው?

ጥያቄ፦ «በሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የሚገኝ የአንድ ዕድር ጸሐፊ ነኝ። ከአባሎቻችን መካከል የመብራትና የጋዝ ቢል መክፈል ያቃታቸው አረጋውያን፣ የኡበር ሾፌሮችና ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች አሉ። መንግሥት ለዚህ እርዳታ እንደሚሰጥ በየስብሰባው እናስታውቃለን፤ በራሪ ወረቀትም አትመን አድለናል። ይሁንና የሚያመለክተው ጥቂት ነው፤ የሚያገኘው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ግሪን ካርዳችንን ያስነጥቀናል ብለው የሚፈሩም አሉ። ምን ብናደርግ ይሻላል?»

ምላሽ፦

የተከበሩ ጠያቂ፣ ያነሱት ችግር በእርስዎ ዕድር ብቻ የሚታይ አይደለም። ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች የቤት ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ወጪያቸውን እንዲሸፍኑ የሚያግዘውና በአጭሩ «ላይሂፕ» እየተባለ የሚጠራው የፌዴራል ፕሮግራም የተቋቋመው በ1981 በወጣ ሕግ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በቅርብ ዓመታት የአሜሪካ ምክር ቤት የሚመድብለት ገንዘብ 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ የሚታገዙት ቤተሰቦች 6 ሚሊዮን አካባቢ ናቸው። ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን በሕጉ መመዘኛ እርዳታው ከሚገባቸው ቤተሰቦች መካከል የሚደርሰው ከአምስት ወይም ከስድስት ለአንዱ ያህል ብቻ ነው።

ክፍተቱ በሁለት ምክንያቶች የመጣ ነው። አንደኛው፣ ላይሂፕ እንደ ሜዲኬይድ (የሕክምና እርዳታ) ወይም እንደ ፉድ ስታምፕ (የምግብ እርዳታ) መመዘኛውን ያሟላ ሁሉ የግድ የሚያገኘው መብት አለመሆኑ ነው፤ ለየግዛቱ የተወሰነ ገንዘብ ይላካል፣ ገንዘቡ ሲያልቅም የዓመቱ በር ይዘጋል። ሁለተኛው፣ ማመልከቻ ጀምረው ሳይጨርሱት የሚቀሩ ሰዎች መብዛታቸው ነው። የመጀመሪያውን ዕድራችሁ ሊለውጠው አይችልም፤ ሁለተኛውን ግን ይችላል። ማመልከቻዎችን በመመርመርና አመልካቾችን በማገዝ ሥራ ላይ በቆየሁበት ጊዜ እንደታዘብኩት፣ በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ እርዳታው መኖሩን ፈጽሞ ያልሰማ ሰው ያን ያህል ብዙ አይደለም፤ ማመልከቻውን ሞልቶ ካስገባ በኋላ «የጎደለ ሰነድ አለ» የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው የተወው ግን እጅግ ብዙ ነው። ስለዚህ ጉልበታችሁን ከበራሪ ወረቀቱ ላይ አንሥታችሁ፣ የእያንዳንዱን አመልካች ፋይል ከመጀመሪያው እስከ ውሳኔው ድረስ ተከታትሎ በማስጨረስ ላይ እንድታውሉት እመክራለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የዚህ አንድ ምክር ዝርዝር ነው።

በሜሪላንድ ጉዳዩን የሚመራው በግዛቱ የሰብዓዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ሥር ያለው የቤት ኃይል ፕሮግራሞች ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ አባሎቻችሁ ብዙ ጊዜ የማያውቁት ነገር አንድ ማመልከቻ ከአንድ በላይ እርዳታ የሚያስገኝ መሆኑን ነው። አንዱ ከፌዴራሉ ገንዘብ የሚከፈለው የማሞቂያ እርዳታ ነው። ሌላው፣ ከ1999ኙ የግዛቱ የኤሌክትሪክ ገበያ ሕግ ጋር የመጣውና የመብራት ደንበኞች ሁሉ በየቢላቸው ከሚያዋጡት ገንዘብ የሚከፈለው የኤሌክትሪክ ድጎማ ነው። ሦስተኛው ለውዝፍ ዕዳ የሚሰጠው እርዳታ ነው፤ 300 ዶላርና ከዚያ በላይ ውዝፍ ላለበት ደንበኛ እስከ 2,000 ዶላር ድረስ ሊያነሣለት ይችላል፣ ነገር ግን በየዓመቱ የሚገኝ አይደለም። ከእነዚህም ጋር ለማሞቂያ እርዳታው ብቁ የሆነ ቤተሰብ ሊመዘገብበት የሚችል የአገልግሎት ጥበቃ ፕሮግራም አለ፤ የዓመቱን ወጪ በየወሩ በእኩል መጠን እንዲከፍል አድርጎ፣ ክፍያውን እስካላቋረጠ ድረስ ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 ባለው የብርድ ወቅት አገልግሎቱ እንዳይቆረጥበት ይከላከልለታል። ማመልከቻው ላይ ለዚህ የሚሆነውን ሳጥን ምልክት ሳያደርጉ የሚያልፉ ብዙዎች ናቸው። ገንዘቡ በአብዛኛው በቀጥታ ለፔፕኮ፣ ለዋሽንግተን ጋዝ ወይም ደንበኛው ለሚጠቀምበት ኩባንያ ገቢ የሚደረግ እንጂ በአመልካቹ እጅ የሚገባ አይደለም፤ ብድርም ስላልሆነ ኋላ መልስ ተብሎ አይጠየቅም። ይህን ለአረጋውያን ደጋግሞ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ «ዕዳ አልገባም» የሚሉት ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው።

ጊዜን በሚመለከት የማኅበረሰባችን ልማድ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ዓይነት ነው። የሜሪላንድ የፕሮግራም ዓመት የሚጀምረው ጁላይ 1 ነው፤ የእኛ ሰው የሚያመለክተው ግን በጃንዋሪ ወይም በፌብሩዋሪ፣ የመቁረጫ ማስጠንቀቂያ ከደረሰው በኋላ ነው። በጁላይ ወይም በኦገስት የሚያመለክት ሰው ሰነድ ቢጎድለው እንኳ ለማሟላት ወራት አሉት፤ በጽሕፈት ቤቶቹ ያለው ሰልፍም ገና አይረዝምም። በዚህ ላይ የፌዴራሉ ገንዘብ በጊዜው የሚደርስ ላይሆን ይችላል፤ በ2025 መኸር መንግሥት ከኦክቶበር 1 እስከ ኖቬምበር 12 ሥራ ባቆመ ጊዜ የላይሂፕ ገንዘብ ለግዛቶች የተለቀቀው ብርዱ ከገባ በኋላ ነበር። በዚያው ዓመት በኤፕሪል መጀመሪያ ፕሮግራሙን በፌዴራል ደረጃ የሚመሩት ሠራተኞች በሙሉ ከሥራ ተሰናብተዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ፋይሉ ቀድሞ የተሟላለት ሰው ገንዘቡ በመጣ ማግሥት ይስተናገዳል፤ ሌላው ወረፋ ይጠብቃል። ዕድራችሁ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ዘመቻ ማድረግ የሚችል ከሆነ፣ ዘመቻው በዲሴምበር ሳይሆን በጁላይና በኦገስት ይሁን።

ማስጠንቀቂያው አስቀድሞ ለደረሰበት ሰው ግን ሌላ መንገድ አለ። የላይሂፕ ሕግ ግዛቶች ለድንገተኛ ችግር የሚሆን ገንዘብ እንዲይዙና ብቁ ሆኖ ላመለከተ ቤተሰብ በ48 ሰዓት ውስጥ ችግሩን የሚፈታ አንድ ዓይነት እርዳታ እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ ሁኔታው ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ ጊዜው ወደ 18 ሰዓት ያጥራል። ስለዚህ የመቁረጫ ደብዳቤው ከሁሉ የሚበልጥ ማስረጃ ነው። በኀፍረት ተቀድዶ የሚጣል ወረቀት አይደለም። በቤት ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የመተንፈሻ መሣሪያ የሚጠቀም ሕመምተኛ፣ ሕፃን ወይም አረጋዊ ካለ፣ ይህ በማመልከቻው ላይ በግልጽ መጻፍና ለኩባንያውም መነገር አለበት። ሕጉ ራሱ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ትንንሽ ልጆች ላሉባቸው ቤቶች ቅድሚያ እንዲሰጥ ይላል።

አሁን ወደ ዋናው መሰናክል፣ ወደ ሰነዱ ልምጣ። ጽሕፈት ቤቱ በአብዛኛው የሚጠይቀው መታወቂያ፣ የቤተሰቡን አባላት ሁሉ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ የመኖሪያ ማስረጃ፣ የቅርብ ጊዜ ቢል እና ያለፉትን 30 ቀናት ገቢ የሚያሳይ ወረቀት ነው። ደመወዝተኛ ቼኩን ያቀርባል፣ ጡረተኛም የሶሻል ሴኩሪቲ ደብዳቤውን ያመጣል፤ ችግር የሚፈጠረው በኡበርና በሊፍት ሾፌሮች፣ በቤት ጽዳትና በእንክብካቤ ሥራ ላይ ባሉ ሰዎች ዘንድ ነው። ሾፌሩ ከመተግበሪያው ላይ የሚያወጣው የሳምንት መግለጫ ብዙ ጊዜ ጠቅላላ ገቢን እንጂ ቤንዚን፣ ኢንሹራንስ፣ የመኪና ክፍያና ጥገና ከተነሣለት በኋላ በእጁ የሚቀረውን አያሳይም። በዚህ መግለጫ ብቻ የሚያመለክት ሰው ከመመዘኛው በላይ ገቢ ያለው ሆኖ ሊገኝና ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ሾፌሮቻችሁ ያለፈውን ዓመት የታክስ ሰነድ ከነስኬጁል ሲው (የግል ሥራ ገቢና ወጪ የሚዘረዘርበት ቅጽ)፣ የተነዱትን ማይሎች መዝገብና የወጪ ደረሰኞችን ይዘው ይቅረቡ፤ ለግል ሥራ ሠራተኞች የተዘጋጀ የገቢ ቅጽ እንዳለም ይጠይቁ። ምንም ገቢ የሌለው አዋቂ በቤት ውስጥ ካለ፣ ስለ እርሱ ዝም ማለት ፋይሉን ያጓትታል እንጂ አያፋጥንም፤ ገቢ እንደሌለው በፊርማው የሚያረጋግጥበት ቅጽ አለ።

«ቤተሰብ» ማን ነው የሚለውም ጥያቄ በእኛ ቤቶች ውስጥ ቀላል አይደለም። አንድ ቤት ገዝቶ ቤዝመንቱን ለአገሩ ልጅ ያከራየ፣ ከላይ ደግሞ እናቱንና ወንድሙን ያስጠጋ ሰው ሲያመለክት ስንት ሰው ይቆጥራል? የፌዴራሉ ሕግ ቤተሰብ የሚለው እንደ አንድ የኢኮኖሚ ክፍል አብረው የሚኖሩትንና የቤት ኃይልን በጋራ የሚገዙትን ነው፤ የመብራትና የጋዝ ወጪያቸው በኪራዩ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚከፈልባቸው ተከራዮችም በዚሁ ትርጉም ውስጥ ይገባሉ። እናትና ወንድም ከአንድ ማዕድ የሚበሉና ገቢያቸው የተቀላቀለ ከሆነ በአንድ ላይ ይቆጠራሉ፣ ገቢያቸውም ይደመራል። የራሱ ውል ያለው የቤዝመንት ተከራይ ግን ሌላ ቤተሰብ መሆኑን በተፈረመ የኪራይ ውል ማሳየት ይችላል፤ የሚከፍለው ኪራይ ደግሞ ለባለቤቱ ገቢ ሆኖ ይቆጠራል። አከራይና ተከራይ የሚተዋወቁ ስለሆኑ ብቻ ውሉ በቃል የቀረባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ለዚህ ሲባል ብቻ እንኳ በወረቀት ማስፈሩ ይጠቅማል። ሕጉ ባለቤቶችና ተከራዮች በእኩል ዓይን እንዲታዩ ስለሚያዝዝ፣ «ዩቲሊቲ በኪራዩ ውስጥ ስለሆነ እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ሳይጠይቁ መቅረት ተገቢ አይደለም።

የስም ጉዳይ ደግሞ ለእኛ የተለየ ነው። ባልና ሚስት የየአባታቸውን ስም ስለሚይዙ፣ ልጆችም የአባታቸውን የመጀመሪያ ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚጽፉ፣ አንድ ማመልከቻ ላይ ሦስት የተለያዩ የመጨረሻ ስሞች ይወጣሉ፤ መርማሪው ደግሞ እነዚህ ሰዎች አንድ ቤተሰብ መሆናቸውን ይጠራጠራል። በግሪን ካርዱ ላይ ያለው የፊደል አጻጻፍ በመንጃ ፈቃዱ ላይ ካለው፣ እርሱም በቢሉ ላይ ካለው የሚለይበት ጊዜ አለ። ከሁሉ የከፋው ግን ቢሉ በሌላ ሰው ስም ሲሆን ነው፦ መጀመሪያ ሲገቡ ጥሩ ክሬዲት የነበረው የአጎት ልጅ በስሙ ያስከፈተው የፔፕኮ ሂሳብ ዛሬም በእርሱ ስም አለ፣ እርሱ ግን ወደ ዳላስ ከሄደ ቆይቷል። ከማመልከታቸው በፊት ሂሳቡን በነዋሪው ስም ማዛወር ወይም ጽሕፈት ቤቱ የሚቀበለውን የማረጋገጫ ደብዳቤ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ለአጻጻፍ ልዩነቱ ደግሞ የጋብቻ ወይም የልደት ምስክር ወረቀት ከነትርጉሙ አያይዞ፣ የአገራችንን የስም አወጣጥ በሁለት መስመር የሚያስረዳ ማስታወሻ መጨመር በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ዕድራችሁ ይህን ማስታወሻ አንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ በጥሩ ሁኔታ ቢያዘጋጅ ለሁሉም አባላት ያገለግላል።

ስለ ግሪን ካርዱ ፍርሃት ዝርዝር መልስ መስጠት የሚገባ ይመስለኛል፤ ፍርሃቱ ከባዶ የተነሣ አይደለምና፣ «አትፍሩ» ማለት ብቻ አይበቃም። ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ተደባልቀው ይነሣሉ። የመጀመሪያው «እርዳታው ይፈቀድልኛል ወይ?» የሚለው ነው። በ1996 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት ከዜጎች ሌላ ብቁ የሚሆኑት የግሪን ካርድ ባለቤቶች፣ እንደ ስደተኛ ተመዝግበው የገቡ፣ ጥገኝነት የጸደቀላቸውና ሌሎች ጥቂት ክፍሎች ናቸው። ከሌሎች እርዳታዎች ጋር ተያይዞ የሚነገረው የአምስት ዓመት መጠበቂያ ላይሂፕን አይመለከትም፤ ስለዚህ በዲቪ ትናንት የገባ ቤተሰብ ገቢው ከመመዘኛው በታች እስከሆነ ድረስ ዛሬ ማመልከት ይችላል። የጥገኝነት ጥያቄው ገና በመታየት ላይ ያለ ሰው ግን በዚህ ብቻ ብቁ አይሆንም፤ በቤቱ ውስጥ እንደ አሜሪካ ተወላጅ ልጆች ያሉ ብቁ የሆኑ አባላት ካሉ፣ ጽሕፈት ቤቱ ቅይጥ ቤተሰቦችን እንዴት እንደሚያስተናግድ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። በማመልከቻው ላይ ያልሆነውን ሆኜአለሁ ብሎ መጻፍ ደግሞ ከቢሉ የከፋ ጣጣ ያመጣል።

ሁለተኛው «ኋላ በኢሚግሬሽን ጉዳዬ ላይ ይታይብኛል ወይ?» የሚለው ሲሆን፣ ይህ «ፐብሊክ ቻርጅ» የሚባለው፣ ሰውየው የመንግሥት ጥገኛ ይሆናል ወይ ተብሎ የሚታይበት መመዘኛ ነው። በ1999 የወጣው መመሪያ የኃይል እርዳታን ከመመዘኛው ውጭ አድርጎታል፤ በ2019 የወጣውና ሰውን ሁሉ ያስደነገጠው ጠንካራ ደንብ እንኳ ላይሂፕን በዝርዝሩ አላስገባም፤ በ2022 የወጣው ደንብም በዋናነት የሚመለከተው ለኑሮ መደጎሚያ የሚሰጥ ጥሬ ገንዘብንና በመንግሥት ወጪ ለረጅም ጊዜ በተቋም ውስጥ መኖርን ነው። ይሁንና መንግሥት በኖቬምበር 2025 የ2022ቱን ደንብ ለመሻር ሐሳብ አቅርቧል። ስለዚህ ምክሬ እንደየሰው ይለያያል። ዜግነት ለማመልከት የሚጠባበቅ የግሪን ካርድ ባለቤት ይህ መመዘኛ በዜግነት ማመልከቻው ላይ አይነሣበትም፤ ስደተኞችና ጥገኝነት የጸደቀላቸውም ከመመዘኛው ነፃ ናቸው። በቤተሰብ በኩል የግሪን ካርድ ማመልከቻ ያስገባና ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው ግን ከማመልከቱ በፊት የወቅቱን ሁኔታ ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ወይም ፈቃድ ካለው የሕግ ወኪል ይጠይቅ። ግሪን ካርድ ይዘው የብርዱን ወራት በሙሉ አዲስ አበባ የሚያሳልፉ አረጋውያንም ከ180 ቀናት በላይ ከአገር ውጭ ቆይተው ሲመለሱ እንደ አዲስ ወደ አገሩ እንደሚገባ ሰው ሊጠየቁ እንደሚችሉ ማወቅ ይገባቸዋል፤ ችግር የሚያመጣባቸው የቆይታው ርዝመት እንጂ የመብራት እርዳታው አይደለም።

ለአረጋውያን አንድ ሌላ ጥቅም አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ስለሆነ ልጥቀሰው። በፉድ ስታምፕ ስሌት ውስጥ የመብራትና የማሞቂያ ወጪ ከገቢ ላይ ይቀነሳል። በዓመት ከ20 ዶላር በላይ የኃይል እርዳታ ያገኘ፣ አረጋዊ ወይም አካል ጉዳተኛ ያለበት ቤተሰብ ሙሉው የዩቲሊቲ ቅናሽ እንዲታሰብለት መጠየቅ ይችላል፤ ይህም የምግብ እርዳታውን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። የ2025ቱ ሕግ ይህን አሠራር ለሌሎች ቤተሰቦች አጥብቦታል፤ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ግን ትቶላቸዋል። በተቃራኒው አቅጣጫም፣ የላይሂፕ ሕግ ግዛቶች ፉድ ስታምፕ ወይም ኤስ ኤስ አይ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጥ የፌዴራል ድጎማ) የሚያገኝን ቤተሰብ ገቢውን እንደገና ሳይመረምሩ ብቁ አድርገው እንዲቀበሉ ይፈቅዳል። ስለዚህ አባሉ ከእነዚህ አንዱን የሚያገኝ ከሆነ እርዳታው እንደተፈቀደለት የሚገልጸውን ደብዳቤ ሁልጊዜ ያያይዝ።

ስለ ሌላ የኃይል አቅራቢዎች ደግሞ ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም፤ በእኔ ግምት ከማኅበረሰባችን ኪስ በዚህ መንገድ የሚወጣው ገንዘብ ቀላል አይደለም። በሜሪላንድም ሆነ በዲሲ ደንበኛው ኤሌክትሪኩን ከፔፕኮ ሳይሆን ከሌላ ኩባንያ ሊገዛ ይችላል፤ መስመሩ የፔፕኮ ሆኖ ይቀራል፣ ቢሉም ከፔፕኮ ይመጣል። በር ለበር የሚዞሩ ሻጮች «ቢልዎን ላይና ቅናሽ ላድርግልዎ» እያሉ የሂሳብ ቁጥሩን ይገለብጣሉ፤ ለጥቂት ወራት ዝቅ ያለ ዋጋ ያሳዩና በኋላ ከመደበኛው በላይ ያስከፍላሉ። እንግሊዝኛ የማያነቡ እናቶችና አባቶች ይህን ለዓመታት ሳያውቁ ይከፍላሉ። እርዳታው በቀጥታ ለኩባንያው ገቢ ስለሚሆን፣ የዚያ ገንዘብ ከፊሉም የሚሄደው ለእነዚሁ ሻጮች ነው። ሜሪላንድ የኃይል እርዳታ የሚያገኝ ቤተሰብ ከመደበኛው ዋጋ በላይ እንዳይከፍል የሚከላከል ሕግ በ2021 አውጥታለች፤ ነገር ግን ሕጉ የሚሠራው ሰውየው የእርዳታው ተጠቃሚ መሆኑ ሲታወቅ ነው። የዕድሩ በጎ ፈቃደኛ ማንኛውንም ቢል በእጁ ሲይዝ መጀመሪያ የአቅራቢውን ስም የሚያሳየውን መስመር ይመልከት። ከፔፕኮ ወይም ከዋሽንግተን ጋዝ ውጭ የሆነ ስም ካየ፣ ውሉን አስቋርጦ ወደ መደበኛው ዋጋ ስለመመለስ ለኩባንያው መደወል ከማመልከቻው እኩል ሊጠቅም ይችላል።

ሥራውን እንዴት ታደራጁት? ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ወይም ከዕድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ጋር የተያያዘ የተወሰነ ቀን ይኑራችሁ፤ በዚያ ቀን ሁለት ሰዎች፣ አንድ ስካነርና ማመልከቻውን በኢንተርኔት የሚያስገባ ኮምፒውተር ይበቃሉ። አመልካቹ በጽሕፈት ቤቱና በኩባንያው ዘንድ ስለ እርሱ እንድትጠይቁ የሚፈቅድበትን ወረቀት ይፈርም፤ ያለዚህ ስልኩን የሚያነሣው ሠራተኛ አንዳች አይነግራችሁም። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን እያንዳንዱን ደብዳቤ ፎቶ አንሥቶ ለአንድ ተጠሪ እንዲያሳይ ይነገረው። ማመልከቻዎች የሚሞቱት በዚህ በሁለተኛው ደብዳቤ ላይ ነው፦ ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ይመጣል፣ የጎደለውን ሰነድ በተወሰኑ ቀናት ውስጥ ይጠይቃል፣ ቀኑ ያልፋል፣ ፋይሉ ይዘጋል። ውጤታችሁንም የምትመዝኑት ለስንት ሰው ነገርን በሚለው ሳይሆን ስንት ፋይል ውሳኔ አገኘ በሚለው ይሁን። የተከለከለ ሰው ካለ ሕጉ በቂ ምክንያት ሳይኖር ለተከለከሉና ማመልከቻቸው በጊዜ ላልታየላቸው ሰዎች የመደመጥ ዕድል እንደሚሰጥ አስታውሱት።

አስተርጓሚን በተመለከተ፣ ልጆችን ለወላጆቻቸው ገቢና ዕዳ ማስተርጎም ደግ አይደለም፤ ለልጁም ከባድ ነው፣ ለስሕተትም ይዳርጋል። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል መሥሪያ ቤት በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የተነሣ እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው አገልግሎቱን ተደራሽ የማድረግ ግዴታ እንዳለበት ፍርድ ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ሲቀበሉት የቆየ ነው። ስልክ ሲደወል «አምሐሪክ ኢንተርፕሪተር» ብሎ መጠየቅን እያንዳንዱ አረጋዊ ይልመድ። በዲሲ ያሉት ዕድለኞች ናቸው፤ ከተማው በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ አማርኛ መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት ከሚሰጡባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው።

በዲሲና በቨርጂኒያ ለሚኖሩ አባላት አካሄዱ ይለያል። በዲሲ የከተማው የኃይልና አካባቢ መሥሪያ ቤት ላይሂፕን ያስተዳድራል፤ ከእርሱ ጋር ለፔፕኮ፣ ለዋሽንግተን ጋዝና ለውኃ ቢል የሚሰጡትን ቋሚ ቅናሾች አብሮ መጠየቅ ይገባል። ቨርጂኒያ ግን በጊዜ ረገድ ጥብቅ ናት፦ የማሞቂያ እርዳታው ማመልከቻ የሚቀበሉት ከኦክቶበር ሁለተኛ ማክሰኞ እስከ ኖቬምበር ሁለተኛ ዓርብ ብቻ ነው። አሌክሳንድሪያ የሚኖር አባል ይህን አንድ ወር ካሳለፈ በድንገተኛ ችግር መስመር ካልሆነ በስተቀር ለዚያ የብርድ ወቅት ሌላ መንገድ ይጠብበታል። የመብራት ኩባንያው የዶሚኒየን ደንበኛ ከሆነ ደግሞ ቢሉን በገቢው መቶኛ ልክ የሚወስነውን ፕሮግራም ይጠይቅ፤ በኤሌክትሪክ ለሚሞቅ ቤት ጣሪያው ከገቢው 10 በመቶ፣ በሌላ ለሚሞቅ 6 በመቶ ነው። የትኛው ቢሮ እንደሚመለከተው ያልገባው ሰው ከየትም ቦታ 211 ደውሎ ሊመራ ይችላል።

እርዳታው የአንድ ወቅትን ቢል እንጂ ቢሉን የሚያበዛውን ምክንያት አያነሣም። በቆዩ ቤቶች የሚኖሩ አባላት ከ1976 ጀምሮ ያለውን የቤት እድሳት ፕሮግራም፣ ማለትም ጣራና ግድግዳን ከብርድ የሚያሽገውንና ማሞቂያን የሚጠግነውን፣ ጎን ለጎን ይጠይቁ፤ ተከራይም ባለቤቱ ከፈቀደ ይካተታል። ወረፋው ረጅም ስለሆነ አስቀድሞ መመዝገብ ነው።

ከዕድሩ አቅም በላይ የሚመስለው፣ ግን ያልሆነው፣ ሥርዓቱን ራሱን ማናገር ነው። እያንዳንዱ ግዛት ለላይሂፕ ገንዘብ በየዓመቱ ዕቅድ ያቀርባል፤ ከዚያ በፊትም ሕዝብን የማዳመጥ ግዴታ አለበት። በእነዚህ ስብሰባዎች ላይ የሚገኘው ሰው ጥቂት ነው፤ የሾፌሮችን ገቢ አቆጣጠር፣ የሁለተኛውን ደብዳቤ ቋንቋ ወይም የቤዝመንት ተከራዮችን ጉዳይ ከተጨባጭ ፋይሎች ጋር ይዞ የሚቀርብ ዕድር ከብዙ አቤቱታ ይልቅ ይደመጣል። ለዚህም በመጀመሪያው ዓመት የምትይዙት መዝገብ፣ የትኛው ማመልከቻ በምን ምክንያት እንደተመለሰ የሚያሳየው፣ ያስፈልጋችኋል። መዝገቡ ግን ያለ ስምና ያለ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ይሁን። የአባላትን ሰነድ በዕድሩ የቴሌግራም ወይም የቫይበር ግሩፕ ላይ አታስቀምጡ፤ ፋይሉ ውሳኔ ካገኘ በኋላ ቅጂውን ለባለቤቱ መልሳችሁ በስካነሩና በኮምፒውተሩ ላይ የቀረውን አጥፉ። ማመልከቻው በነፃ የሚሞላ ስለሆነም፣ «እኔ በክፍያ አስጨርስልሃለሁ» ብሎ የሚመጣ ሰው ቢኖር ሰነዱን አትስጡት።